የድሬ ባቡር ላይ የግድያ ልቦለድ እየጻፍኩ ነው፣ ሁሉም ከአንድ ሳህን እየበላ አንዱ ብቻ እንዴት ይመረዛል?

ከዚራ ማታ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልብ አንጠልጣይ የምትወዱ ሰዎችም የባቡር ሰፈር ልጆችም እርዱኝ አቦ። እየጻፍኩ ያለሁት ደም የማይበዛበት፣ ሰው ከምሳ በኋላ ሻሂውን ይዞ የሚያነበው ዓይነት የግድያ ታሪክ ነው፣ ደስታው ገዳዩን ለማወቅ መሯሯጡ ላይ ነው እንጂ የሚዘገንን ነገር የለውም። ቦታው አሮጌው ባቡር ነው፣ ማታ ከድሬ ተነስቶ ወደ አዲስ አበባ ይሄድ የነበረው፣ ጊዜው 1960ዎቹ መጀመሪያ። ሟቹ የጨርቅ ነጋዴ ነው፣ ሁርሶን ካለፉ በኋላ ያመዋል፣ አፍደም ሳይደርሱ ይሞታል። መርማሪዋ ፖሊስ አይደለችም፣ ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ እየጠበሰች ልጆቿን ያሳደገች እናት ናት፣ አዲስ አበባ ያለች ልጇ ወልዳ ልትጠይቃት እየሄደች ነው።

የተቸገርኩት እዚ ላይ ነው። የኛ ሰው ባቡር ውስጥ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ገና ሳይንቀሳቀስ የማን ልጅ ነህ፣ የት ነው የምትወርጂው ተባብሎ ያልቃል፣ ትንሽ ሲሄዱ ደግሞ ሁሉም የቋጠረውን አውጥቶ አንድ ላይ ይበላል፣ አልበላም ያለ ሰው ይለመናል፣ ይጎረሳል። ታዲያ ሁሉም ከአንድ ሳህን እየበላ አንዱን ብቻ ለይቶ መመረዝ እንዴት ይቻላል? ደግሞ ባቡሩ አይዘጋም። የፈረንጅ ታሪኮች ላይ ተጠርጣሪዎቹ መውጫ የላቸውም፣ የኛ ባቡር ግን በየጣቢያው ይቆማል፣ ሰው በበር ይወርዳል በመስኮት ይገባል፣ ገዳዩ ዝም ብሎ ወርዶ መሄድ ከቻለ ታሪኩ እዛው አለቀ ማለት ነው።

ከሁሉም የከበደኝ ግን ሞቱ ራሱ ነው። እኛ ጋ ሰው ሞቶ አጠገቡ ሻሂ እየጠጡ ማን ገደለው አይባልም። ይለቀሳል፣ ይሸፈናል፣ ይጸለይለታል። ይሄን ዘልዬ ብጽፍ ሰዎቹ ስማቸው ብቻ የሀገሬ ሰው ይሆንና ሌላው ሁሉ የውጪ ይሆንብኛል። ምን ትላላችሁ?

የፉርጎ ልጅ፦
እህቴ በጣም ደስ የሚል ነገር ነው የጀመርሽው፣ አባቴ ዕድሜውን የጨረሰው ድሬ ወርክሾፕ ውስጥ ስለሆነ ሽመንደፈር (የምድር ባቡር) የሚል ቃል ስሰማ ዝም ማለት አልችልም። ባቡሩ አይዘጋም ያልሽው ልክ ነው ግን ችግር አይደለም፣ ታሪክሽን የሚፈታልሽ እሱ ነው።

መስመሩ ከጅቡቲ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር ነበር፣ ሀዲዱ አንድ ነበር፣ ድርብ አልነበረም። ስለዚ ከአዲስ የሚመጣውና ከድሬ የሚወጣው ባቡር መንገድ ላይ መገናኘታቸው አይቀርም፣ ሲገናኙ ደግሞ አንዱ ጣቢያ ላይ ገብቶ ይጠብቃል ሌላኛው ያልፋል። አንዳንዴ ሁለቱም ጎን ለጎን ይቆማሉ፣ መስኮት ለመስኮት። በጨለማ፣ ሻጩ ሲጮህ፣ ሰው ዕቃ ሲያወርድ ሲጭን፣ ከአንዱ ወርዶ ሌላኛው ላይ የሚወጣ ሰው ማን ያየዋል? ገዳይሽ እዛ ጋ ይሻገር። ጠዋት ድሬ መጋላ ሱቁን ከፍቶ ጨርቅ ሲለካ ሰው ያየዋል፣ ሰውየው አዲስ አበባ መንገድ ላይ ነው የሞተው ሲባል እሱ ድሬ ነው ያለው፣ ማን ይጠረጥረዋል። ለዚህ ግን አሟሟቱን ወደ ፊት ግፊው። ሕመሙ ከኤረር በኋላ ይጀምር፣ ባቡሮቹ ሚኤሶ ላይ ይተላለፉ፣ ሰውየው ሞቶ የሚገኘው ከዛ በኋላ ወደ አዋሽ ሲቃረቡ ይሁን። ገዳዩ በዛ ሰዓት ባቡሩ ላይ የለም።

አንባቢውን እንዳታጭበረብሪው ደግሞ መተላለፉን ቀድመሽ አሳዪው። ምዕራፍ ሁለት ላይ ሕፃን ልጅ በመስኮት የዛኛውን ባቡር ሰው እጅ ይንካ፣ ሁለቱም ይሳቁ፣ በቃ። አንባቢው ቆንጆ ትዕይንት ነው ብሎ ያልፈዋል።

አንድ ፍንጭ ልጨምርልሽ። ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,200 ሜትር ነው፣ አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ ነው። የድሬ ሰው አዲስ አበባ ሲሄድ መጀመሪያ የሚያስበው ብርዱን ነው፣ ጋቢ ወይ ኮት ሳይዝ የሚሳፈር የለም፣ ሞጆን አልፎ ሊነጋ ሲል ያለውን ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል። ገዳዩ እስከ አዲስ ትኬት ቆርጧል፣ ግን በአንድ ስስ ሸሚዝ ነው የተሳፈረው፣ ጋቢ የለው ኮት የለው። መጀመሪያውኑ አዲስ አበባ ሊደርስ አላሰበም ማለት ነው። የልጅ እናት የሆነች ሴት ይሄን ሳታይ አታልፍም፣ እንደውም አንተ ልጅ ብርዱ አይገልህም ወይ ብላ ትቆጣው፣ አንባቢው ደግነቷ ነው ብሎ ያስብ።

ስለ ውሸት ደግሞ አትጨነቂ። በዛ ዘመን ባቡሩ ላይ ከጅቡቲ የመጣ ዕቃ ያልደበቀ ሰው ማግኘት ይከብድ ነበር። ሴቶቹ ሦስት አራት ቀሚስ ደርበው ይለብሳሉ፣ ሽቶው ሕፃን ስር ነው፣ ጨርቁ ጣሪያ ውስጥ ነው። ፊናንስ (የጉምሩክ ፖሊስ) ገባ ሲባል ፉርጎው በሙሉ ይዋሻል። ስለዚ መርማሪሽ ስትጠይቅ ሁሉም ይደነግጣል፣ ሁሉም ይደብቃታል፣ ግን የሚደብቋት ግድያውን አይደለም፣ ሸቀጣቸውን ነው። እሷ ደግሞ ማን ለሸቀጡ እንደሚዋሽ ማን ለነፍስ እንደሚዋሽ መለየት አለባት። ታሪኩ ጣፋጭ የሚሆነው እዚ ላይ ነው እላለሁ።

ነጭ ጋዋን፦
እኔ ፋርማሲ ነው የምሠራው የግድያ ልቦለድም አልጠግብም ስለዚ ስለ መርዙ ልናገር። እባክሽ ስሙ የማይታወቅ የጫካ መርዝ ምናምን ብለሽ እንዳታመጪ። እ.ኤ.አ. በ1929 ሮናልድ ኖክስ የሚባል እንግሊዛዊ ቄስ ለዚህ ዓይነት ልቦለድ 10 ደንብ አውጥቶ ነበር፣ አንዱ እስከዛሬ ያልታወቀ መርዝ አይፈቀድም ይላል፣ ሌላው ደግሞ መርማሪው ያገኘውን ፍንጭ አንባቢውም ማየት አለበት ይላል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፣ አንባቢ ሊያውቀው በማይችለው ነገር ከተሸወደ ይናደዳል፣ መናደድም አለበት።

እኔ የምመርጥልሽ አስተናግርን ነው። በየመንገዱ ዳር የሚበቅል፣ ሁሉም ሰው በስም የሚያውቀው ተክል ነው፣ ምልክቶቹ ደግሞ ለባቡርሽ የተሠሩ ነው የሚመስሉት። አፍ ይደርቃል፣ ሰውየው ውሃ ውሃ ይላል። ማን ይገርመዋል፣ በረሃ ነው፣ ፉርጎው እንዳለ ውሃ ውሃ ነው የሚለው! ግን አስተናግር የወሰደ ሰው አያልበውም። ቆዳው ይግላል፣ ይቀላል፣ ግን ደረቅ ነው። አስቢው በሰኔ ማታ፣ በዛ ወበቅ፣ ሁሉም ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተለጥፏል፣ ሴቶቹ በነጠላቸው ጫፍ ያራግባሉ፣ የሱ ኮሌታ ብቻ ደረቅ ነው። መርማሪሽ ግንባሩን በእጇ ስትነካው እንደ ምጣድ ይግላል፣ እጇን ስታነሳ ግን ላብ የለበትም። ይሄን በአንድ መስመር ጽፈሽ እለፊው።

ሁለተኛ የዓይን ብሌን ይሰፋል፣ ቅርብ ያለ ነገር ይደበዝዛል፣ ብርሃን ያስቸግራል። ኮንትሮለሩ ሲመጣ ሰውየው ትኬቱን አርቆ ይይዘዋል፣ ማንበብ አቅቶት እስቲ ይቺን እይልኝ ይላል፣ አጠገቡ ያለው ዕድሜ ነው ጋሼ ብሎ ያጽናናዋል። ከዛ መብራቱን አጥፉልኝ ይላል። ከዛ መዘባረቅ ይጀምራል፣ የሌለ ሰው ያናግራል። ምልክቱ ከተወሰደ በኋላ በግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ውስጥ ነው የሚጀምረው፣ ስለዚ ኤረርን ካለፈ በኋላ እንዲያመው ከፈለግሽ ቀድሞ ድሬ ላይ ሳይሆን ባቡሩ ላይ መጠጣት አለበት።

አንድ ነገር ግን በደንብ ያዢልኝ፣ ጤነኛ ሰው ብዙ ጊዜ በዚህ አይሞትም፣ ሐኪም ቤት ከደረሰ ይተርፋል። ልብን ግን በጣም ያስሮጠዋል። ስለዚ ሟቹ የልብ ሕመም ይኑረው፣ ከአንድ ሰው በስተቀር ማንም የማያውቀው። ገዳዩን የሚያጋልጠው መርዙን ማን አገኘ የሚለው አይሆንም፣ ተክሉ በየሜዳው አለና። ልቡ ደካማ መሆኑን ማን ያውቅ ነበር የሚለው ነው።

ጀጎል በር፦
እኔ ከሐረር ነኝ፣ ሦስተኛው ጥያቄሽ ነው የነካኝ። ለቅሶውን አትዝለይው! ታሪክሽን ሞቅ የሚያደርገው እሱ ነው። የውጪው መርማሪ ሰዎቹን ሳሎን ሰብስቦ ይጠይቃል፣ እኛ ጋ ሰው የሚሰበሰበው ለቅሶ ላይ ነው፣ ወሬው ሁሉ የሚወጣው ለቅሶ ላይ ነው። ማን ቀድሞ ደረሰ፣ ማን ሳያለቅስ ቀረ፣ ማን ከሚገባው በላይ አለቀሰ፣ ማን የሟቹን ዕዳ አነሳ፣ እናቶቻችን ይሄን ሁሉ ሳይጠይቁ ነው የሚያውቁት። ባቡሩ ላይ ሰውየው ሲሞት ሴቶቹ ነጠላ አልብሰውት ተራ በተራ አጠገቡ ይቀመጡ፣ መርማሪሽም ተቀምጣ ትስማ። ጥያቄ መጠየቅ አያስፈልጋትም፣ አይዞሽ አይዞህ እያለች ነው ሁሉን የምታገኘው።

እንደውም መርማሪዋን ከሐረር ብታደርጊያትና አፎቻ ውስጥ የምትሠራ ብትሆን ደስ ይለኛል። አፎቻ ለሰርጉም ለሐዘኑም የሚቆም ማኅበር ስለሆነ እዛ የኖረች ሴት የሰውን ቤት ገበና በሙሉ ታውቃለች፣ አፏን ደግሞ ትጠብቃለች። ምስጢር የሚነግሯት ለዛ ነው።

የሳህኑን ነገር እኔ ልፍታልሽ። ዕለቱ ዓርብ ይሁን፣ ሟቹ ክርስቲያን ይሁን፣ ጿሚ። ባቡር ላይ የተቀላቀለ ሰው ስላለ ሥጋ አይወጣም፣ የሚወጣው ዳቦ፣ ሙዝ፣ ቆሎ፣ ኤረር ላይ የተገዛ ብርቱካን ነው፣ እሱን ሁሉም አንድ ላይ ይብላ፣ ማንም አይታመም። ሻሂው ግን እኛ ጋ በወተት ነው። ሁሉም በወተት ሲጠጣ እሱ ብቻ ዓርብ ነው ብሎ አልጠጣም ይላል፣ ያን ጊዜ አንዱ እኔ ለየብቻው ይዤልሃለሁ ብሎ ሌላ ፔርሙስ ያወጣል። አየሽ፣ ሁሉም ደግነቱን ያመሰግናል፣ ሙስሊም ጎረቤት ለጿሚ ጎረቤቱ ለየብቻ ማዘጋጀት እኛ ጋ የተለመደ ነው፣ የሚገርመው ሰው የለም። በኋላ ግን እሷ ታስበዋለች። ሟቹ እዛ ባቡር ላይ መኖሩን ሳያውቅ፣ አጋጣሚ ነው የተገናኘነው ያለ ሰው፣ የጾም ሻሂ ለማን ብሎ ይዞ መጣ?

ሳቢያን፦
እኔ ግን አዲሱ ባቡር ይሻላል ባይ ነኝ፣ መስከረም 25 ቀን 2009 የተመረቀው። የዛሬ ወጣት አሮጌውን አላየውም። አዲሱ መስኮቱ እንደ ድሮው አይደለም፣ ጣቢያዎቹ ጥቂት ናቸው፣ ስለዚ በቀላሉ ይዘጋልሻል። ስልክ አለ፣ ሥዕል ይነሳል፣ ሰው ቻት ሲያደርግ ፍንጭ ይገኛል።

የፉርጎ ልጅ፦
ሳቢያን ሐሳብህ ጥሩ ነው፣ ከአዳማ ወዲህ አዲሱም ነጠላ ሀዲድ ስለሆነ መተላለፉ እዛም አለ። ግን የድሬ አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ውጪ ነው ያለው፣ አሮጌው ጣቢያ ለገሃር ግን ከዚራ ሰፈር መሀል ነው፣ ባቡሩ ሲገባ ከተማው በሙሉ ነው የሚሰማው። ማን እንደሄደ ማን እንደመጣ ሰፈር ያውቅ ነበር። ለዚህ ታሪክ ደግሞ ሁሉም ሁሉን የሚያውቅበት ቦታ ነው የሚያስፈልገው። ስልክ ካለ ደግሞ ድሬ ደውሎ ሱቁ ክፍት ነው ወይ ብሎ በ2 ደቂቃ ያጣራል፣ ያ ሁሉ መተላለፍ ከንቱ ሊሆን ነው።

አሸዋ ተራ፦
ጣልቃ ልግባ፣ አንድ ልመና ነው ያለኝ። ታሪኩን በ1960ዎቹ ያድርጊው እንጂ ወደ 1977 አታምጪው፣ አዋሽ ድልድይ አካባቢም አደጋ እንዳታስገቢ። ጥር 1977 ባቡሩ አዋሽ አጠገብ ከሀዲዱ ወጥቶ ከ400 በላይ ሰው አልቋል። ድሬ ውስጥ የዛን ቀን ሰው ያልሞተበት ሰፈር የለም ማለት ይቻላል፣ ዛሬም የሚያነቡ ልጆቻቸው አሉ። ልቦለድሽ ለመዝናናት ስለሆነ እሱን ቦታ እንዲሁ ብታልፊው ደስ ይለናል። በተረፈ ሐሳቡን ወድጄዋለሁ፣ እናቴ ብትኖር በጣም ነበር የምትወደው።

ከዚራ ማታ፦
ወላሂ ምን እንደምል አላውቅም፣ አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። አሸዋ ተራ ሙሉ በሙሉ ገብቶኛል፣ 1977ን አልነካም፣ አዋሽ ላይ ታሪኩ ጣቢያው ውስጥ ነው የሚያልቀው፣ ድልድዩ አይነሳም።

የጀጎል በር የጾም ሻሂ እና የፉርጎ ልጅ ኮት የሌለው ሰው አንድ ሰው ላይ ሲገጥሙ ታዩኝ። ነጭ ጋዋን ያለው የደረቀው ኮሌታም ገብቷል። መርማሪዋን ግን የድሬ ልጅ አድርጌ ላቆያት እፈልጋለሁ፣ አማቷ ሐረር አፎቻ ውስጥ ትሁን፣ ሁለቱ አብረው ይሳፈሩ፣ አንዷ ምግብና መጠጡን ታያለች፣ አንዷ ሰዉን ትሰማለች፣ እየተጨቃጨቁ። ጀጎል በር ይሄ ይስማማሻል?

አንድ የቀረኝ ነገር፣ ገዳዩ ድሬ ተመልሷል፣ እነሱ አዋሽ ናቸው። እንዴት ነው የሚያዘው? መርማሪዋ ከባቡሩ ሳትወርድ እንዲያልቅ ነው የምፈልገው።

የፉርጎ ልጅ፦
ጣቢያ ለጣቢያ የሚያገናኝ የባቡር ስልክና ቴሌግራፍ አለ፣ ነጠላ ሀዲድ ላይ ያለሱ ባቡር አይሄድም፣ አንዱ ጣቢያ ሳያሳውቅ ሌላኛው ወደ መስመሩ አያስገባም። መርማሪሽ አዋሽ ላይ ሳትወርድ በመስኮት ሆና የጣቢያ ሹሙን ታስቀሰቅሰዋለች። ሹሙ መጀመሪያ ይቆጣል፣ ሌሊት ነው፣ የሙሸበክ ነጋዴ ናት የምታዘው። ከዛ ስለ ፔርሙሱ ስትነግረው ዝም ይላል። ወደ ድሬ የሚሄደው ባቡር ገና መንገድ ላይ ስለሆነ ከነሱ መልእክት አይቀድምም። ገዳዩ ድሬ ለገሃር ሲወርድ ፖሊስ ትኬትህን አሳየኝ ይለዋል። የያዘው ትኬት ከድሬ አዲስ አበባ ነው፣ የመጣው ግን ከአዲስ በሚመጣው ባቡር። በቃ ሌላ ማስረጃ ምን ያደርጋል።

ለገሃር ሄደሽ ግቢውን እንዲያስጎበኙሽ ጠይቂ ደግሞ፣ አሮጌዎቹ ፉርጎዎች እዛ አሉ፣ ወርክሾፑም አለ። ሀዲዱ 1 ሜትር ስፋት ስለሆነ ፉርጎው ጠባብ ነው፣ ኮሪደሩ ላይ ሁለት ሰው ሲተላለፍ አንዱ ጎኑን ማዞር አለበት። ገብተሽ ቁሚበት፣ ማን ማንን ሳያይ ማለፍ እንደማይችል ያን ጊዜ ይገባሻል።

ጀጎል በር፦
አማቷ ብትሆን ተስማምቻለሁ። ግን እባክሽ መጨረሻ ላይ ትክክል የሆነችው አንዷ ብቻ አትሁን፣ ግማሹን አንዷ ግማሹን ሌላዋ ያግኙት። አዲስ አበባ ሲደርሱ ደግሞ የወለደችው ልጅ ትጠብቃቸው፣ ገንፎው ይቀርባቸው፣ ሟቹም በስርዓት ይቀበር፣ ቤተሰቡም ይነገረው፣ እነሱም ለቅሶ ይድረሱ። የመጀመሪያውን ምዕራፍ ስትጨርሺ እዚሁ ለጥፊልን።